ቀጬ ስለ ራሷ ያመለከተችው

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ ቀጬ ነው የሚላት፤ በጽሕፈት መኪናዋ ድምፅ የወጣላት ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ለሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራ፣ ዓይኗ ሲደክም ቤት ገባች። ወዲያው «ያን ሁሉ የሰማሁትን መጽሐፍ ላድርገው» አለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቢሆንም ተዪው አላልኳትም።

ያማከረችው አንድ መጽሐፍ አሳታሚ ሐሳቧን ወደደው። «ሁለት ምዕራፍ ለናሙና ይላኩልኝ። ወሩ ካለቀ ግን የዘንድሮው የኅትመት ዕቅድ ይዘጋል» አላት። ዓይኗ እስከ ከርሞ እንደማይቆይ ሐኪሙ ነግሯታል።

በሳምንቷ አንዱን ጽፋ ላከች። ስልክ ተደወለ።

«እትዬ፣ ይኼ መጽሐፍ ነው ክስ? ‹ጉዳዩ› ብለው ጀምረው ‹በትሕትና አመለክታለሁ› ብለው ጨረሱት እኮ!»

«ታዲያ በምን ይጨረስ?»

«እርስዎስ የታሉ? ‹እኔ› የምትለው ሁሉ ባለጉዳይዋ ናት።»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፣ አልኩ በሆዴ። እውነቱን ነበር። ያን ሁሉ ዘመን «እኔ» ብላ ስትጽፍ አንድም ቀን ራሷን ማለቷ አልነበረም፤ ወይ ባሏ የጣላት ናት፣ ወይ አጥሩ የተገፋበት ጎረቤት ነው። መኪናው ላይ ወረቀት ስትሰካ ስትነቅል ሰነበተች። ሰባት ቀን ቀረ።

ድሮ ምሳ ሳደርስላት የምታለቅስ ባለጉዳይ እንዴት እንደምታናግር አይ ነበር። እሱ ትዝ አለኝና በርጩማ ስቤ፣ እሷን መስዬ ጠየቅኋት።

«ስም?»

«ምን ሆነሻል፣ እታለም?»

«ባለጉዳይ ይመልሳል እንጂ አይጠይቅም። ስም? ዕድሜ? ምን ደረሰብሽ?»

ሣቀች። ከዚያ ግን መለሰች፤ እየመለሰችም ጣቷ ይመታ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ያለ ጃንጥላ ፀሐይ ላይ መዋሏን ጻፈች። አንዲት እናት የጠፋ ልጇን ፍለጋ ስድስት ማመልከቻ አስጽፋ በሰባተኛው መቅረቷን፣ እሷም ሰባተኛውን ማንም ሳያዛት ጽፋ መሳቢያዋ ውስጥ ማኖሯን ጻፈች። ይኼን ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሁለቱንም ምዕራፍ ይዤ ሄድኩ። «ጉዳዩ» የሚለውን ግን ከአናቱ አላነሣም ብላ ነበር፤ አሳታሚውም ተወላት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን መጽሐፉን እንደሚያትም ደብዳቤ ላከ። ቀጬ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችው። እልል ትላለች ስል፣ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ።

«ማኅተም የለውም» አለች። «ውሰጂና አስመቺልኝ።»