እማዬ አውስትራሊያ አስፋልት ላይ ቅጠል ያነጠፈች ቀን

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ማታ ሸኚዎቼን አንድ ሚኒባስ አልበቃቸውም። የሰፈር ሰው፣ መርካቶ ዱባይ ተራ ከእማዬ ጫማ ሱቅ ግራና ቀኝ ያሉ ነጋዴዎች፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ ሳይቀሩ ተጠቅጥቀው መጡ። ሽማግሌው ጭንቅላቴን ይዘው ሲመርቁኝ አውሮፕላኑ ሊያመልጠኝ ነበር። አውስትራሊያ፣ አደላይድ ከተማ ስደርስ ግን የተቀበለኝ የሻንጣ ጋሪ ብቻ ነው። ይህን የምነግራችሁ ነገ ብትመጡ እንዳይገርማችሁ ብዬ ነው።

ኑሮውን አልወቅስም። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፣ ቤት ተከራይቻለሁ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ግን እማዬ ብቻዋን መቅረቷ እንቅልፍ ነሳኝ። ለጉብኝት እንድትመጣ ቪዛ አወጣሁላትና ለአከራዬ ለኬን ነገርኩት።

«ለስንት ቀን?» አለኝ።

«እሺ ካለችኝ ለሁልጊዜ።»

«ውሉ አንድ ሰው ነው የሚለው።»

«እናቴ እኮ ናት!»

«እናትም ሰው ናት» ብሎኝ በሩን ዘጋ።

እሱን በኋላ እለማመጠዋለሁ አልኩ። ዋናው እሷ እሺ ማለቷ ነው። ያው የመርካቶ ልጅ ነኝና ዕቃው በደንብ ሳይታይ ዋጋ አልጠራም። እማዬ እንደመጣች እረፍት ወሰድኩ፣ መኪናዬን አዘጋጀሁ፣ በረሃውን አሳይቻት ባሕሩ ዳር ስንደርስ «እዚሁ ቅሪልኝ» ልላት ቆረጥኩ። እሷ ደግሞ ለመንገድ ብላ ሳምቡሳ ጠበሰች፤ የምንሄደው ሁለት ነን፣ የጠበሰችው ለሰርግ ነው።

ፖርት ኦገስታ የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን መሬቱ ቀላ። በርበሬ በረንዳ ያለው ዕቃ በሙሉ ተገልብጦ የፈሰሰ ይመስላል። እማዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ቆየችና «ነስሩ፣ ሰው የታለ?» አለችኝ።

«በረሃ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«በረሃማ አፋርም አለ። እዚያ ሰው አለ።»

በዚያ መንገድ ከፊት የሚመጣ ሾፌር አንድ ጣቱን ከመሪው ብድግ ያደርግልሃል፤ ሰላምታቸው ነው። እማዬ መጀመሪያ «ምን አደረግኩትና ነው ጣቱን የሚያሳየኝ?» ብላ ተቆጣች። ሰላምታ መሆኑን ስነግራት ደግሞ ባሰባት። ባቡር የሚያክል የጭነት መኪና ሲመጣ በሁለት እጇ እያውለበለበች «ደህና ዋልክ ወይ? ቤተሰብ ደህና ነው?» ትላለች፤ እሷ ስለ ልጆቹ ጠይቃ ሳትጨርስ ሰውየው አድማስ ገብቷል። በሁሉም ቅር አላት።

እንዲህ እያልን ስንሄድ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ዳር ይዤ ክሪክ ሳወጣ እማዬ ዘላ ወረደች። «ቅጠል አድርግ እንጂ! ከኋላ የሚመጣው ይጨርሰናል!» ተዪው ብላት አልሰማችም፤ ቁጥቋጦውን እየገነጠለች አስፋልቱ ላይ አነጠፈች፣ በላዩም ድንጋይ ደረደረች። የደብረ ብርሃን መንገድ ላይ አይሱዙ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ስኮርታ ጎማውን አስሬ ሳልጨርስ ከየት መጣ ሳይባል አንድ ፖሊስ መጣና ቆመ።

«መንገዱን ማነው የዘጋው?»

«አልተዘጋም። በኛ አገር መኪና ሲበላሽ ለሌላው ምልክት ቅጠል እናነጥፋለን።»

«ቅጠል?»

«አዎ። ሲብስ ድንጋይም።»

ድንጋዩን አየት አደረገና «ብሷል ማለት ነው» አለ። «የማስጠንቀቂያ ትሪያንግል የላችሁም?»

እማዬ ምን እንዳለ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «አለን በለው። ግን አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። መኪና ቢረግጠውስ?»

ይህን አልተረጎምኩም። ፖሊሱ ቁጥቋጦ መቁረጥ እንደሚያስቀጣ ማስረዳት ሲጀምር እማዬ ሳምቡሳ ይዛ ቀረበች። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለ። እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢታ እንደ እምቢታ አይቆጠርም፤ «አፍሮ ነው፣ በሞቴ በለው!» አለችኝ። «ሥራ ላይ ነኝ» አለ። ሁለተኛውም አይቆጠርም። በሦስተኛው አፉን ሲከፍት ሳምቡሳውን አጎረሰችው። እኔ ታሰርን ብዬ ቆሜያለሁ፣ እሱ ያኝካል።

«ውስጡ ምንድነው?» አለ በመጨረሻ።

«ምስር።»

«ሌላ አላት?»

ድንጋዩን አብሮን አነሳ፣ ሁለተኛ እንዳይለመድ አስጠንቅቆ በእጁ አንድ፣ በኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ሌላ ይዞ ሄደ። እማዬ መኪናው እስኪጠፋ በዓይኗ ሸኘችው። «ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው የሚዞረው?»

«አዎ።»

«ምስኪን!» አለች።

በማግስቱ ባሕሩ ጋ ደረስን። መሬቱ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ ያልቃል፤ ከታች ሰማያዊ ውሃ ነው። «ሱብሐነላህ!» አለች። ከዚያ «ከዚህ ወዲያ ምን አለ?»

«ውሃ። ከዚያ በረዶ።»

«በረዶው ጋስ ሰው አለ?»

«ብዙም የለም።»

ዕቃዬን አሳይቼ ጨርሻለሁ፤ ዋጋዬን ጠራሁ። «እማዬ፣ እኔ ጋ ቅሪልኝ። ብቻሽን መሆንሽ ጨነቀኝ።»

እጄን ያዘችኝ። «አንተ ጋ መሆን ማን ይጠላል? ግን ጠዋት ትወጣለህ፣ ማታ ደክሞህ ትተኛለህ። መሃል ያለውን ቀን ማን ጋ ላድርገው? አባትህ ከሞተ ወዲህ ያቆመኝ በሱቁ በር የሚያልፈው ሰው ነው፣ ልጄ። ብቻህን የሆንከው አንተ ነህ።»

አለቀስኩ። ንፋሱ ነው አልኳት። «አውቃለሁ፣ እዚህ አገር ንፋስ አለ» ብላ በሻርፗ ፊቴን ጠረገችኝ። ቪዛዋ ሳያልቅ ተመለሰች።

ትናንት አመሻሽ ከሥራ ስወጣ ከመጋዘኑ ደጅ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት። የሱቋ ጫጫታ ጆሮ ይበጥሳል። «ልጄ! ቆይ፣ ቆይ፣ እቺን ሰላም በላት!» ብላ ስልኩን ለአንዷ ሰጠችብኝ።

«እንዴት ነህ ወንድሜ? ሥራ ጥሩ ነው? ብርዱስ?» አለችኝ ሴትየዋ እንደሚያውቀኝ ሰው።

«ደህና፣ ይመስገን። ማን ልበል?»

«አታውቀኝም፤ ከወልቂጤ ጫማ ልወስድ መጥቼ ነው። ቆይ፣ እሱንም ሰላም በለው» ብላ ዕቃዋን ለሚሸከምላት ሰጠችው። ተሸካሚው ትንፋሹ እየተሰማኝ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ከሱ በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉንም አንድ በአንድ ደህና ነኝ አልኳቸው። ስልኩ ዞሮ ዞሮ የወልቂጤዋ ሴትዮ ጋ ተመለሰ።

«እናትህ መጥታ አይታሃለች አሉ። አንተስ መቼ ነው የምትመጣው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«አሎ? አሎ? እትዬ ዘይነባ፣ ኔትዎርኩ ሄደ መሰለኝ» ብላ ለእማዬ ስትነግራት ሰማኋት።

አልሄደም ነበር።