የኋላው ፍሬን የሚዞር ነው

ዳርሲ ጎማዋ ወልቆ በካቫሌቶ፣ በብረት ድጋፍ ላይ የቆመችውን መኪና ሲዞር ግማሽ ቀን ሞላው። ጋራዥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ያልቆሸሸ እጁን ይታጠባል።

ሚስቱ ሎሬይን ሰኞ ማለዳ አደሌይድ ከተማ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት፤ ካመለጣት ቀጣዩ ተራ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ከሚኖሩባት ከኳርን እስከዚያ የአራት ሰዓት መንገድ አለ፤ ካንጋሮ ድንገት ዘሎ ይገባበታል። ነገ እሁድ መነሳት አለባቸው፣ መኪናዋ ደግሞ የኋላ ፍሬን የላትም።

አሮጌዎቹን የፍሬን ሸራዎች አውልቋል። አዲሶቹ ወፍራም ስለሆኑ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ መመለስ ነበረበት። የፊቱን ፍሬን ፒስተን ሁልጊዜ በማጥበቂያው ሞርሳ ገፍቶ ይመልስ ነበር። ሠላሳ ዓመት ባቡር የጠገነ ሰው ነውና የኋላውንም እንዲሁ አጠበቀው። ብረቱ ሲጥ ሲል ደንግጦ ተወው። የእጅ ፍሬን የተያያዘበት ፒስተን በመግፋት ሳይሆን በማዞር እንደሚገባ ያኔ ትዝ አለው።

የማዞሪያው መሣሪያ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ጡረተኞቹ በሚሠሩበት ወርክሾፕ ነው። ዳርሲ እዚያ ከረገጠ ስምንት ወሩ። የወርክሾፑ ኃላፊ ሜርቭ «የተዋስከውን መሮ ሰብረህ መለስክ» ሲለው፣ «ድሮም የተሰበረ ነው» ብሎ ተቆጥቶ እንደወጣ ቀርቷል።

ሎሬይን በሩን ተደግፋ ቆመች። «ጸሎቴን ጨርሻለሁ» አለችው። «አሁን ያንተ ተራ ነው። ሂድና ሜርቭን ጠይቀው።»

ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ የየመሣሪያው ቅርጽ በቀለም ተሥሏል። የመሮው ቦታ አሁንም ባዶ ነበር። ዳርሲ ዓይኑን ከዚያ ማንሳት አቃተው።

«መሮውን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሜርቭ መነጽሩን አወለቀ። «አውቃለሁ። ይህን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

ዳርሲ የፒስተኑን ነገር ነገረው።

«በሞርሳ!» አለ ሜርቭ። «ባቡር ቤት ፍሬን የሚጠገነው በመዶሻ ነበር መሰለኝ።» መሣሪያውን ከግድግዳው አውርዶ ኮፍያውን አደረገ። «ጎድቶት እንደሆነ አብረን እንየው።»

አልተጎዳም ነበር። ፒስተኑ ቀስ እያለ፣ እየዞረ ገባ። ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡት፤ ጠንካራ ሆነ። ሜርቭ ሻይ ሳይጠጣ አልሄደም።

እሁድ መጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ዳርሲ ፍሬን ያዘና ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ።

«ምን ሰማህ?» አለችው ሎሬይን።

«ምንም» አላት፤ በልቡም እግዚአብሔርን አመሰገነ።