የአያቶቻችን ግርፋት የካፌ ጌጥ ሆኖ

ዛሬ ሮም ውስጥ ቡና ልጠጣ ከገባሁበት ካፌ ተናድጄ ወጣሁ።

ወንበሩ ያምራል፤ የቡናው መዓዛ ከደጅ ይጠራል። ግድግዳው ላይ ግን የወረራው ዘመን ፎቶ ተሰቅሏል። ሰዎች ድንጋይ ይፈልጣሉ፣ ጣሊያን ወታደር አለንጋ ይዞ ቆሟል። ከሥሩ «ሸዋ ሮቢት» ይላል። አገሬ!

የካፌውን ባለቤት «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አያቴ ያነሡት ነው። የእኛ ሰዎች መንገድ ሠርተውላችኋል እኮ!» አለችኝ ፈገግ ብላ።

«ድንጋዩን ማን እንደሚፈልጥ አታዪም? የእኔም አያት እዚያው አቅራቢያ ጀውሃ ላይ እየተገረፉ ነው የሠሩት። ቢያንስ በግዳጅ እንደነበር ጻፊበት።»

«ደንበኞች ይወዱታል፤ ለጌጥ ነው» ብላ ካዘዝኩት ቡና ጋር ስኳር አቀረበችልኝ። ስኳሩ ንዴቴን የሚያጣፍጥልኝ መስሏት ይሆናል!

ወላሂ፣ ቡናውን ሳልቀምሰው ትቼላት ወጣሁ።

እናንተስ በሰው አገር የወገናችሁን መከራ ጌጥ ሆኖ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምን አላችኋቸው?