«ያላየሁትን አልፈርምም» ያሉት ሲስተር አስካለ

ሲስተር አስካለ ወርቁ ማክሰኞ ጠዋት ድሬ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የአባታቸው ቤት አረፉ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ሕመማቸው የልብ ነበር። እስከዚህ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ማንም ሊያጣራው ይችላል።

በቀብሩ ላይ በተነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ግን እውነት ያልሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። «በጤናቸው መታወክ ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ከማስተማር ሥራ ተሰናበቱ» ይላል። ያነበበችው የእህታቸው ልጅ ናት። በእሷ አልፈርድም፤ ለቀብር ከሩቅ የመጣች ናት፤ የሰጧትን አነበበች። ወረቀቱን ጽፈው የሰጧት ሲስተር ያስተምሩበት ከነበረው ኮሌጅ የአበባ ጉንጉን ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። ከኋላዬ ቆማ የነበረች ወጣት ነርስ፣ የሲስተር ተማሪ የነበረችው ሐያት፣ እጅጌዬን ሳብ አደረገችው።

«ሰማህ? ወላሂ ውሸት ነው! አንተ ታውቃለህ አይደል?»

አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ስለማውቅ ነው።

እኔ በዚህች ከተማ ለብዙ ዓመታት ዜና የጻፍኩ ሰው ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «አንተ እኮ ቤት ሲቃጠል ብታይ መጀመሪያ የባለቤቱን ስም ከነአያቱ ነው የምትጠይቀው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በንዴት ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ተናድጃለሁ፤ አንባቢ ይህን አውቆ ያንብበኝ።

ሲስተርን ያወቅኋቸው እናቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በተኛችበት ክፍል ነው። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታሉ ሲልክ አብረዋቸው የሚመጡት መምህርት እሳቸው ነበሩ። አጭር፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። እስክሪብቶአቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር፤ ተማሪ ተውሶ እንዳያጠፋው መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን በኋላ ነው ያወቅሁት።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ተማሪ መርፌ ይዞ ወደ እናቴ ቀረበ። ሲስተር አስቆሙት።

«ስማቸው ማን ነው?»

«አልጋ ሰባት፣ ሲስተር።»

«አልጋ ሰባት ብረት ነው። ብረት ደግሞ መርፌ አይወጋም። ስማቸው ማን ነው?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ እናቴን ጠየቃት። እናቴም በሕመሟ መካከል ሳቀችና ስሟን ከነቁልምጫው ነገረችው። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ከሆስፒታል እስክትወጣ ድረስ በቁልምጫ ስሟ ይጠራት ነበር፤ ከወጣችም በኋላ «ያ የእኔ ልጅ እንዴት ሆነ?» ትለኝ ነበር።

የሚቀጥለውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ከእናቴ ጎን የተኛችው ሴት ከአንድ ቀን በፊት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ናት። ሐኪሞች ለጉብኝት ሲገቡ ሲስተር ከተማሪዎቻቸው ጋር ከአልጋው ግርጌ ቆመው ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም፣ በዕድሜ ሲስተርን የምታክል እናት ሊኖረው የሚችል፣ ጣቶቹን አጮኸና «አንቺ! ካርዱን!» አለ። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ የምትል ከተማ ናት፤ እኛ ዘንድ አንቺ መባል ንቀት አይደለም፤ ቤተኛነት ነው። የእሱ አንቺ ግን ያ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ልዩነቱን ሰምተናል።

ሲስተር ካርዱን ሰጡትና «ዶክተር፣ የሽንት ከረጢቷ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልጨመረም» አሉት።

«ስጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ።»

«ልክ ነዎት፣ አልጠየቁኝም። ከረጢቱ ግን እየነገረዎት ነው።»

አልፏቸው ሄደ። ሲስተር ያሉትን ከነሰዓቱ በካርዱ ላይ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ከዚያም ወጥተው ለዋናው ቀዶ ሐኪም ስልክ ደወሉ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሴትዮዋ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመለሰች። ዳነች። ወጣቱ ሐኪም ስለዚያ ጠዋት ለሲስተር አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም።

ሐያት ያኔ ተማሪ ነበረች። ከክፍሉ ሲወጡ ፊቷ ቀልቶ ነበር። «ሲስተር፣ እኛ ለዚህ ነው የምንማረው? ቆመን ለመሰደብ?»

ሲስተር የመለሱላትን በማስታወሻዬ ይዤዋለሁ፦ «እኔን አልሰደበም። እናንተን አስተማረ። ነርስ ያየችውን ዋጥ አድርጋ ዝም እንድትል አስተማራችሁ። እኔ ዓመት ሙሉ የምገነባውን በአንድ ደቂቃ ናደው።» ትንሽ ተራምደው ቆሙና ጨመሩበት። «ግን አትሸንገሉ። የሚንቁን እነሱ ብቻ አይደሉም። ያልሠራነውን ሠርተናል ብለን ፈርመን ስንወጣ እኛም ራሳችንን ንቀናል።»

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ንግግር ውስጥ ነው። የነርስ ተማሪ ሁሉ ሎግቡክ የሚባል መዝገብ ይይዛል። መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማሸግ፣ ደም ሥር ፈልጎ ግሉኮስ የሚገባበትን ካኑላ ማስገባት፣ እያንዳንዱ በመዝገቡ ላይ ተዘርዝሯል። ተማሪው ይሠራል፤ መምህሩ ቆሞ ያያል፤ ከዚያ ይፈርማል። ያ ፊርማ «ይህ ሰው በሰው ገላ ላይ እጁን ቢያሳርፍ አያጠፋም» የሚል ምስክርነት ነው። ሆኖም ኮሌጁ የሚቀበለው ተማሪ በየዓመቱ ይበዛል፤ አልጋው ግን ያው ነው። በአንድ በሽተኛ ዙሪያ የሚቆመው ተማሪ ብዛት እናቴን «ሳልሞት ለቀስተኛ መጣልኝ» አሰኝቷታል። ከፊት የቆሙት ያያሉ፤ ከኋላ የቆሙት የጓደኛቸውን ማጅራት ያያሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም መዝገቡን ይዘረጋል።

«ሲስተር አቦ፣ ፈርሚልኝ በቃ፣ ሠርቼዋለሁ!»

«አየሁህ?»

«ልጆቹ አይተውኛል።»

«እንግዲያው ልጆቹ ይፈርሙልህ።»

በዚህ የተነሳ «ሲስተር አየሁህ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። እሳቸው ግን እምቢ ብለው ብቻ አይሄዱም ነበር። ተራ ላልደረሳቸው ተማሪዎች ከሥራ ሰዓት በኋላ ይቆያሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት አራቱን አስከትለው የደቻቱን ወንዝ ይሻገሩና መጋላ ሰፈር ውስጥ ቁስላቸው ያልሻረላቸው አረጋውያን ቤት ይገባሉ። እያንዳንዱ ተማሪ በተራው ያጥባል፣ ያሽጋል፤ እሳቸው ያያሉ፤ ያዩትን እዚያው ለመፈረም ያችን በክር የታሰረች እስክሪብቶ ይስቧታል። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። «አባቴ የሐዲዱን ብሎን አንድ በአንድ በመዶሻ እየመታ በድምፁ ያውቀው ነበር። ያልመታውን ብሎን ደህና ነው ብሎ አያውቅም» ይሉ ነበር።

አሁን «በገዛ ፈቃዳቸው» ወደተባለው ልምጣ።

ምርቃት ሲቃረብ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የተቆለሉ ሎግቡኮች አምጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረ። ሲስተር አንድ በአንድ ገለጡ። ያዩትን ፈረሙ፤ ያላዩትን ባዶውን መለሱ። የመለሱት ይበልጥ ነበር። ቃል በቃል የነገሩኝ ይህን ነው፤ ኃላፊውም ሳነብለት አላስተባበለም።

«ሲስተር፣ ወላጅ ልብስ አሰፍቶ እየጠበቀ ነው» አላቸው።

«የተሰፋ ልብስ ይጠብቃል። ደም ሥሩ የጠፋበት ሕፃን አይጠብቅም። ሁለት ወር ስጠኝ፣ ሁሉንም አሠርቼ እፈርማለሁ።»

ሁለት ወሩን አልሰጣቸውም። በሚቀጥለው ሰኞ በግድግዳው ላይ በተለጠፈው የትምህርት ፕሮግራም ላይ ስማቸው አልነበረም። ደብዳቤ አልደረሳቸውም፤ ያነጋገራቸውም የለም። የፕሮግራሙን ወረቀት አንስተው አሳዩኝ፤ በስማቸው ቦታ የሌላ ሰው ስም ተጽፎ ነበር። ያ ሰው በዚያ ዓመት ሆስፒታሉን ረግጦ አያውቅም። ባዶዎቹን መዝገቦች ሁሉ በሳምንት ውስጥ ፈርሞ ጨረሰ። ልባቸው የታመመው ከዚህ ሁሉ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሐኪም የጻፈላቸውን ወረቀት አይቻለሁ።

ኮሌጁን በስም አልጠራም። ሲስተርም በሕይወት ሳሉ «ስም ጠርተህ አንዱን ታሳፍራለህ፤ ሌሎቹ ይስቃሉ» ይሉ ነበር።

ያኔ ከምርቃቱ በፊት ሐያት የተፈረመላትን መዝገብ ይዛ ሲስተር ቤት መጣች፤ እኔም እዚያ ነበርኩ። ገጹን ገልጣ አሳየችን። ካኑላ ሦስት ጊዜ አስገብታ ብቁ ሆናለች ይላል፤ ከጎኑ የተጻፈው ቀን ደቻቱ ሞልቶ ከተማዋን ለሁለት የከፈለበት ቀን ነው። ድልድዮቹ ተዘግተው ነበር። ኮሌጁም የሐያት ቤትም ከሆስፒታሉ በወንዙ ማዶ ነው። «ያን ቀን ከቤት አልወጣሁም። ግን ሠርታለች ተብሎ ተፈረመልኝ» አለችና አለቀሰች። እንድጽፈው ፈለገች፤ ሆኖም ዲፕሎማዬን ይከለክሉኛል ብላ ስሟን እንዳልጠቅስ ለመነችኝ። ስለ መዝገቡ ኮሌጁን ጠየቅሁ፤ መልስ አልሰጠም። ስሙ የማይጠቀስ አንድ ምንጭ ብቻ ይዤ ቀረሁ።

ያኔ ሲስተር ቀና ብለው አዩኝ። «ያን ቀን አንተም ነበርክ እኮ።»

ነበርኩ። በጎርፉ የተጎዱ ሰዎች መኖራቸውን ልጠይቅ ሆስፒታል ገብቼ ነበር። ከክፍል ክፍል ዞሬያለሁ። ሲስተር ብቻቸውን ከአልጋ አልጋ ሲመላለሱ አግኝቻቸው «ተማሪዎቼ ማዶ ቀሩ» ብለውኛል። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከነሰዓቱ አለ።

እኔ ግን «ሲስተር፣ ጋዜጠኛ ራሱን ምንጭ አያደርግም። ደንቡ ነው» አልኳቸው።

«እሺ። ደንብህ ከሆነ አክብረው» አሉና ሻይ ቀዱልኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ዜናው አልወጣም። ኮሌጁ አስመረቀ። እኔም ጥሩ ጋዜጠኛ ሆኜ እንቅልፌን ተኛሁ። ከምናደድባቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ራሴን ያስገባሁት ለዚህ ነው።

ሲስተር ግን ማስተማር አላቆሙም። ተመርቀው ሥራ የያዙ ልጆች ጋውናቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ አንገታቸውን ደፍተው በራቸውን ያንኳኩ ጀመር። «ሲስተር፣ ተመርቄያለሁ፤ ግን ደም ሥር ማግኘት አልችልም።» መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ግቢና እጅሽን ታጠቢ።» አንድ ቀን ክንዳቸው ጠቋቁሮ አይቼ ወድቀው መስሎኝ ደነገጥኩ። እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ሳቁ። «አልወደቅሁም። የመለማመጃ የፕላስቲክ ክንድ የለኝም፤ ያለኝ ይሄ ነው።» የራሳቸውን ክንድ ዘርግተው ነበር የሚያስተምሩት። እሳቸው ያልፈረሙላቸው፣ ሌላ ሰው የፈረመላቸው ልጆች በመምህራቸው ክንድ ላይ ነው ሙያቸውን የተማሩት። ሐያት አንዷ ናት። ዛሬ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ደም ሥር አልገኝ ሲል የምትጠራው እሷ ናት።

እኚህን ሴት ነው ታመው በፈቃዳቸው ተዉ ያሉን። ያን ወረቀት ጽፈው ከሰጡት አንዱ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሲነበብ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ወረቀቱ ወደ ኮሌጁ መዝገብ ይገባል፤ ለሚመጡት ተማሪዎች የሲስተር አስካለ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ያልታየውን ማስፈረም የለመደ ሰው መጨረሻ ላይ የሲስተርን ሕይወትም ፈረመባቸው።

ከመቃብሩ ስንመለስ ሐያት «አሁን ስሜን ጻፍ» አለችኝ። «ዲፕሎማውን ከፈለጉ ይውሰዱት። እጄን አይወስዱትም።» ጽፌዋለሁ።

ሲስተር አስካለ፣ እርስዎ ደንቤን አክብረውልኛል። እኔ ግን በደንቡ የደበቅኩትን አውቀዋለሁ፤ ፍርሃቴን ነው የሸፈንኩበት። ዘግይቼ እጥሰዋለሁ። ያን ቀን ደቻቱ ሞልቶ ነበር። ድልድዮቹ ተዘግተው ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከእርስዎና ከበሽተኞቹ በስተቀር ማንም አልነበረም፤ መርፌ የያዘ አንድም ተማሪ አልነበረም። ከማስተማር ያስወጣዎ ሕመም አልነበረም፤ ያላየሁትን አልፈርምም ማለትዎ ነው። ፕሮግራሙን አይቻለሁ፣ መዝገቡን አይቻለሁ፣ ክንድዎን አይቻለሁ።

እንግዲህ ይረፉ፤ ያ ክንድዎም ይረፍ። እኔ ያየሁትን ፈርሜያለሁ።