በከረሜላ ጠርሙስ ውስጥ የበቀለ ሣር

ልጄ ሐያት ባለፈው ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሻንጣዋን ልቀበል ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ብሄድ፣ እሷ እንደ አራስ ሕፃን አቅፋ ብቅ ያለችው በፎጣ የተጠቀለለ የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት ይዛ ነው። ሁለት ቀያይ ዓሦች ውሃ በያዘ ፌስታል፣ ተክሎቹ ደግሞ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልለው አብረው መጥተዋል። ሻጩ እንደነገራት ተክሎቹ ልዩ መብራት፣ ማዳበሪያና በቱቦ የሚነፋ ጋዝ ይፈልጋሉ፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ደስ ሲለው የሚመጣ፣ ሲያኮርፍ የሚሄድ እንግዳ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሎቹ ጠቁረው መሟሟት ጀመሩ። ክዳኑን ከፍቼ ጎንበስ ስል አፍንጫዬን የሞላው የበሰበሰ ቅጠልና የወንዝ ጭቃ ሽታ በአንዴ ወስዶ አባቴ ሱቅ ውስጥ አቆመኝ።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ባሮ ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ጨው፣ ሳሙና፣ የዓሣ መንጠቆና ከረሜላ ይሸጣል። ጎረቤቶቻችን ከወንዙ ቁልቁል ካለችው ከማታር ከተማ የመጡ ሰዎች ነበሩ፣ ልጃቸው ኛማል ደግሞ ጥላዬ ነበረች፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የተማረችውን መዝሙር በሹክሹክታ ታስጠናኛለች፣ እኔም ለኢድ የመጣልኝን ብስኩት ግማሹን ደብቄ አቆይላታለሁ። አንድ በጋ ባሮ ሲጎድል አሸዋው ላይ በቀረች ትንሽ ኩሬ ውስጥ የጣት ያህል ዓሣ አየንና ኛማል በእፍኟ አወጣችው። አባቴ፣ ከረሜላውን ጨርሳችሁ ወደ ጠርሙሱ መጣችሁ እያለ እያሾፈብን፣ ባለ ሰፊ አፉን የከረሜላ ጠርሙስ ሰጠን።

ብዙም ሳይቆይ የኛማል አያት ማታር ላይ ታመሙና ቤተሰቡ በጀልባ ሊወርድ ሆነ። ኛማል ዓሣውን ለእኔ ትታ፣ ጀልባው ላይ ከመውጣቷ በፊት እጄን ይዛ፣ “እኔ እስክመጣ እንዳይሞት” አለችኝ። 

እናቴ ጋምቤላ ውስጥ ከወባ ቀጥሎ የምትፈራው የወንዙን ውሃ ነበር። የምንጠጣው ይፈላል፣ በነጠላ ጫፍ ይጠለላል፣ ቀዝቅዞ ይከደናል። በማግስቱ ስነሳ እናቴ የጠርሙሱን ውሃ አፍልታ ባቀዘቀዘችው ለውጣዋለች፤ እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ዓሣው ግን ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። “እኛ የፈላ እየጠጣን እሱ እንዴት ጥሬ ይጠጣል?” አለች እናቴ፣ ያደረገችው ውለታ አልታይ ስላለኝ ቅር ብሏት። ጣሳ ይዤ ወደ ባሮ በረርኩ። ጥሬው ውሃ ሲገባለት ዓሣው ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ፣ እናቴም አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ ለካ የለመደውን ነው የሚፈልገው ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ ሁሉ ሣር ሆነ፤ ዓሣው የተገኘባት ኩሬ ሣር ነበራትና። መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ባለ ሐምራዊ አበባው እምቦጭ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ክፉ ተከራይ ጠርሙሱን በሥሩ ሞልቶ ዓሣውን ጨለማ ውስጥ ከተተው። እሱን ነቅዬ ከወንዙ ዳር የለሰለሰ የመስክ ሣር ባስገባ ቢጫ ሆኖ ከረፋ። ብርሃን አንሶት ይሆናል ብዬ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ባወጣው ውስጡ በአረንጓዴ ልጋግ ተሸፈነ። ኛማል መጥታ ባዶ ጠርሙስ ስታገኝ ፊቷ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ሌሊት እየተነሳሁ ጠርሙሱን አይ ነበር።

አንድ ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች ከመረባቸው ላይ አንድ ሣር እየለቀሙ፣ እየተራገሙም ሲጥሉ አየሁ። እንደ ድመት ጅራት የለሰለሰ፣ ሥር የሚባል የሌለው ሣር ነው። ረፋዱን ሙሉ እርጥብ አሸዋ ላይ ተጥሎ ውሎ እንኳ አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ተጥሎ ያልሞተ እኛ ቤት አይሞትም ብዬ አንድ ጭብጥ ወሰድኩና ጠርሙሱ ውስጥ ለቀቅሁት። አፈር አላለ፣ ፀሐይ አላለ፣ ጥላ ካለበት መስኮት ሥር ዝም ብሎ አደገ። ዓሣውም ጠዋት ጠዋት ከመሀሉ ብቅ ይል ጀመር። እናቴም ጁምዓ ጁምዓ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ከጠርሙሱ ጥቂት ውሃ ቀድታ በጥሬ የወንዝ ውሃ ትተካለት ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ባሮ ሲሞላ ጀልባው መጣ። ኛማል ቁመቷ ጨምሮ፣ እግሯ እንደረጠበ፣ ቤቷ ሳትገባ ወደ ሱቁ መጣችና አፍንጫዋን ጠርሙሱ ላይ አጣበቀች። ዓሣው ከሣሩ ሲወጣ ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም። ወዲያው ደግሞ ወንዙ ስለሞላ እንመልሰው አለችኝ። ስንት ጭንቅ ያየሁበትን ዓሣ እንዴት እለቃለሁ ብዬ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ጠርሙሱን አቅፋ ፊት ፊት ሄደች፣ እኔም ተከተልኩ። ዓሣው ዞር ብሎ ሳያየን ሄደ። ሣሩ ግን ለዓመታት ከከረሜላዎቹ ጎን መደርደሪያው ላይ ኖረ።

የሐያትን የበሰበሱ ተክሎች ትቼ ያንኑ ሣር ፍለጋ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ጠርሙሱ ተሰብሯል፣ አባቴና እናቴ አልፈዋል፣ ሱቃችን ሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ሣሩንም ለማግኘት ዳርቻውን ይዤ ብዙ መሄድ ነበረብኝ። መረብ የሚያጸዱት ወጣቶች፣ “እናት፣ እኛ የምንጥለውን ምን ያደርጉታል?” ብለው ሳቁ፣ ፌስታሌን ግን ሞሉልኝ። ሣሩን ባልዲ ውስጥ አሳድሬ የተጣበቁበትን ቀንድ አውጣዎች ልለቅም ብዬ ቤት ስገባ ሐያት የመስታወቱን ውሃ ቀድታ በታሸገ ውሃ እየሞላችው ነው፤ የቧንቧው ለዓሦቹ ንጹህ አይመስላትም። አያቷን ሳታውቃት ወርሳታለች። ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ፣ ከዚያ ግን ከሳቁ በኋላም እንባው አልቆም አለኝ፤ እናቴ ናፈቀችኝ።

በማግስቱ ሣሩን መስታወቱ ውስጥ ለቀቅሁት፤ አመሻሹ ላይ ኔትወርክ ሲገኝ ማታር ለኛማል ደወልኩ። እዚያ ትነግዳለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ጋምቤላ ከመጣች ዓመታት አልፈዋል፣ በደወልን ቁጥር እመጣለሁ ትላለች። ስለ ዓሦቹ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ታሸገው ውሃ ነገርኳት። ስቃ ስቃ አበቃች።

“እኔ እስክመጣ እንዳይሞት” አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ መስታወቱ ፊት ሄድኩና ዓሦቹ ከሣሩ ውስጥ ብቅ እስኪሉ ቆሜ ጠበቅሁ።