ስኳር ጆንያው ላይ ያለው መምህር

ሀዲጃ ጠዋት ጠዋት ዲላ ከተማ ትምህርት ቤቷ ሄዳ አስራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ከሰዓት ደግሞ አባቷ ሱቅ ውስጥ ስልኳን ስኳር ጆንያ ላይ አስደግፋ፣ አዲስ አበባ ካለ መምህር የኮምፒውተር ኮርስ በኦንላይን ትማራለች። ኔትወርክ እንደ ልብ የሚገኘው እዚያ ነው።

ያስቸገራት ገበያተኛው ነው። ስልኩ ውስጥ ሰው እያየ ሰላም ሳይል የሚያልፍ የለም። በተለይ ጎረቤታቸው እማማ ሙሉእመቤት የመምህሩን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ የአዲስ አበባን ዝናብ ሳይጠይቁ ጨው አይገዙም። መምህሩም በመጨረሻ፣ «የማጠቃለያ ገለጻሽን ጫጫታ ካቋረጠው ኮርሱን ከአዲስ ትጀምሪያለሽ» ብሎ አስጠነቀቃት።

የገለጻው ዕለት አባቷ አቶ አብዱልአዚዝ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ ሱቁ ክፍል ሆኗል። ሰላምታ የለም!»

«ምነው አብዱል፣ ተጣላን እንዴ?» አሉ እማማ ሙሉእመቤት። ነገሩ ሲገባቸው ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። የሀዲጃ የፊዚክስ መምህር ሲላስም ሳሙና ሊገዛ መጥቶ ከኋላቸው ተሰለፈ።

«እኔ ሳስተምር እንዲህ ጸጥ የሚልልኝ የለም» ሲል አንሾካሾከ።

ሀዲጃ ገለጻዋን ጀመረች፤ ሳትደናቀፍም ጨረሰች።

«አልፈሻል» አላት መምህሩ ከስልኩ ውስጥ። አስከትሎም፣ «እማማስ ደህና ናቸው? ዛሬ ድምፃቸው ጠፋብኝ» አለ።

ሀዲጃ እየሳቀች ስልኩን ወደ በሩ አዞረችው። እማማ ሙሉእመቤት ነጠላቸውን ከአፋቸው አንስተው ከልጆቹ ጤና ጀመሩ። ዝናቡ ጋ ሲደርሱ መምህር ሲላስ ሳሙናውን ራሱ ከመደርደሪያው አወረደ።