የጎደለው ፈረሰኛ

ዘንድሮ የገና ዋዜማ ልጄ ዶሮውን በፌስታል ይዛ መጣች። ታርዶ፣ ላባው ተነጭቶ፣ ተቆራርጦ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ከተከፈተ አንድ ሱቅ የተገዛ ነው። ከማቀዝቀዣ ስለወጣ ሳህኑ ላይ ስትገለብጠው ኳ አለ። «ስንት ብልት ነው?» አልኋት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማዬ? ዶሮ ዶሮ ነው» ብላኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ግን ቆጠርሁት። አሥራ ሰባት ቁራጭ ነው። በምን እንደቆረጡት እንጃ፣ የቱ ታፋ የቱ ክንፍ እንደሆነ አይለይም።

ልቆጣት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። እሷ የማታውቀውን ነገር ባላውቅ ምን ነበረበት ብዬም ተመኘሁ። በእኔ ልጅነት አንዲት ሙሽራ ሴትነቷ የሚመዘነው በአንድ አውራ ዶሮ ነበር። አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት አለባት፤ አንድም መጉደል፣ አንድም መትረፍ የለበትም። እያንዳንዱ ብልት ባለቤት አለው። ከሁሉም የሚከበረው ፈረሰኛ የሚባለው ሲሆን እሱ የአባወራው ነው። ለእኔ ቢጤዋ ሴት ልጅ የሚደርሳት ክንፍ ነው፤ ቀኑ ከከፋ አንገት።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከይጁቤ ወጣ ብሎ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሞላ በግንቦት ትርንጎን አገባ። ትርንጎ የዲማ ልጅ ናት፤ አባቷ ቅኔ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው፤ ስማቸው የገነነውን ያህል ጎተራቸው አልሞላም። አባቴ የተማረ ሰው ስለሚወዱ ከእሳቸው ጋር በመዛመዳቸው ኩራታቸው ሌላ ነበር። እናቴ ግን ለሞላ ያጨችው ሉማሜ ያለች የዘመድ ልጅ ነበረች፤ መሬት ያላት፣ ላሞች ያሏት። ስለዚህ ትርንጎን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ያች የተማሪ ቤት ልጅ» ነበር የምትላት።

በአገራችን ሙሽራ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራም፤ የራሷን ስም ታወጣላቸዋለች። እኔን «ወለላ» አለችኝ። እውነቴን ነው የምለው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያ ቤት እንደዚያ ያለ ስም የሰጠኝ የለም። ራሴን ትሠራኛለች። አባቷ ዳዊት አስደግመዋት ስለነበር ማታ ማታ ደብተሬን ተቀብላ ታነብልኛለች። እኔ የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ጨርሼ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ያለው ከተማ ነው፤ እናቴ ደግሞ «ይበቃታል፣ ማን እንስራ ሊሸከም ነው?» ብላ ቆርጣለች።

ታኅሣሥ ሲገባ፣ ጤፉ አውድማ ላይ ወጥቶ ሰዉ ሁሉ ጭድ ጭድ በሚሸትበት ሰሞን፣ ሞላና ትርንጎ ሹክ ሹክ ማለት አበዙ። ትርንጎ ደብረ ማርቆስ አናጢ አጎት አላት። ከገና በኋላ ሄደው ሞላ ከአጎትየው ዘንድ ሙያ ሊማር ነው። አንድ ቀን ጠጉሬን እየሠራች፣ «ወለላ፣ አባባን እኔ ለምኜ አስፈቅዳለሁ። ከእኛ ጋር ትሆኚና ሰባተኛ ትገቢያለሽ» አለችኝ። በደስታ ጮህሁ። ዞር ስል እናቴ ከጎተራው ጎን እንቅብ ይዛ ቆማለች። ምንም አልተናገረችም። እናቴ ስትጮህ ማንም አይፈራትም ነበር፤ የምታስፈራው ዝም ስትል ነው።

የዘመን መለወጫን ትርንጎ አባቷ ታመው ዲማ ስለዋለች በእኛ ቤት የመጀመሪያ ዶሮዋ የገና ሆነ። ዋዜማውን ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስንከትፍ ዓይናችን ቀልቶ ዋለ። ማምሻውን እናቴ በርጩማ ስባ ከፊቷ ተቀመጠች፤ አገጯን በመዳፏ ደግፋ። እኔ ኩራዝ ያዝሁ። የትርንጎ ቢላዋ መጋጠሚያውን እየፈለገ ሲገባ አንድ አጥንት አልተሰበረም። እያወጣች ታስቆጥረኛለች፤ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። በሎሚና በጨው አጥባ ውኃው ኩልል እስኪል ድረስ ደጋገመችው። እናቴ ብልቱን አንድ በአንድ አገላብጣ ላባ ፈለገች፤ የለም። አሸተተች፤ ምንም የለም። «መታጠቡስ ታጥቧል» አለችና ተነሣች። ያን ጊዜ አዘንሁላት ብል ማን ያምነኛል? የምትይዘው ነገር ያጣች ሰው ፊት ነበራት።

ሁላችን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ትርንጎ ብቻዋን ወጡን ስትጠብቅ አደረች። ጎሕ ሲቀድ እኔና እናቴ ቀድመን ተመለስን። ውርጩ ሣሩን አንጥፎት እግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ወንዶቹ ከነፍስ አባታችን ጋር እያወጉ ኋላ ቀርተዋል። ትርንጎ ዓይኗ በጭስ አብጦ፣ ደስ ብሏት ተቀበለችን። እናቴ ገና ነጠላዋን ሳታወርድ፣ «ሂጂ ውኃ ቅጂ፤ እንግዳ እጁን በምን ይታጠባል?» አለቻት። እንስራው ከግማሽ በላይ ነበር። ትርንጎ ግን ሌላ እንስራ ይዛ ወጣች።

እናቴ የድስቱን ክዳን አነሣች። በጭልፋ ፈላልጋ ፈረሰኛውን አወጣች፤ በእንጀራ ጠቅልላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ያቃጥላል። «ጓዳ ግቢና ብዪው። አጥንቱን ለውሻው ጣይለት» አለችኝ። ለምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ያልሁ አይመስለኝም። ከጎተራው ኋላ ቁጢጥ ብዬ በላሁት። አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ሽሮና ጎመን ስበላ የከረምሁ ልጅ ነኝ፤ ያ ብልት ደግሞ በሕይወቴ ነክቼው የማላውቀው የአባቴ ብልት ነው። ቅቤው በክርኔ ወረደ። ትርንጎ ምን ይገጥማት ይሆን የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አለፈ፤ አልዋሽም፣ አልፏል። ግን አላቆምሁም። ያን ያህል የጣፈጠኝ ሥጋ እስከ ዛሬ በልቼ አላውቅም።

መሶቡ ተከበበ። አባቴ፣ ሞላ፣ የነፍስ አባታችንና ሁለት የአባቴ ዘመዶች ተቀምጠዋል። ትርንጎ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ድስቱን አቅርባ ታወጣለች። ለካህኑ ታፋ ወጣላቸው። የአባቴ ተራ ደረሰ። ጭልፋው ድስቱን ዞረ፤ እንደገና ዞረ፤ ታችኛውን ፈገፈገ። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ሲል አየሁ።

«ምን ሆነሽ ነው? አባባ እኮ እየጠበቁ ነው» አላት ሞላ።

«ፈረሰኛው…» አለችና ቀረች።

«እስቲ አምጪው» ብላ እናቴ ጭልፋውን ተቀበለቻት። ብልቱን ሁሉ በእንግዳ ፊት ሳህን ላይ ደረደረችው። ከካህኑ ታፋ ጋር አሥራ አንድ። «እኔ ልጅ ሆና ነው እላለሁ» አለች እናቴ፣ በሚያሳዝን ድምፅ። «ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ከድስት ጋር አድራ፣ ርቧት ይሆናል። ከእናቷ ቤት ጠግባ አልመጣች። ተውዋት፣ በእኔ ይሁንባችሁ።»

ከዘመዶቹ አንዱ ሳቀ። ካህኑ ግን አልሳቁም። «ሌሊት ከሆነ እኮ ጾሙ አልተፈታም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ያኔ ነገሩ የዶሮ መሆኑ ቀረ። ጾም የገደፈች፣ ያውም የአማቷን ብልት የበላች ሙሽራ ሆነች።

«አልበላሁም፣ አባ። አሥራ ሁለት ነበር። ወለላ ኩራዝ ይዛ ነበር፤ አብረን ነው የቆጠርነው» አለች ትርንጎ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባቴ፣ «እውነት ነው፣ ልጄ? ስንት ነበር?» አሉኝ። አባቴ የሚፈልጉትን አሁን ድረስ አውቀዋለሁ፤ አሥራ ሁለት እንድላቸው እየለመኑኝ ነበር። እናቴን አየሁ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። አንገቴን ደፋሁ። «ልጅቱን አታስጨንቋት፤ ያየችውን መናገር አፍራ ነው» አለች እናቴ፣ ቶሎ ብላ። በቃ፣ ዝምታዬ ምስክርነት ሆነ።

ሞላ ተነሥቶ በጥፊ መታት። ከዚያ በፊት እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ካህኑ መሐል ገቡ፤ ደግ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ በላሁ በዪ። ንስሐ እሰጥሻለሁ፤ ዛሬውኑ ያልቃል፣ ማንም ከዚህ ቤት አያወጣሽም» አሏት። አባቴም፣ «በዪ እንጂ፣ ልጄ» አሉ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ጉንጯን እንደያዘች፣ «አባ፣ ዛሬ የጌታ ልደት ነው። በዛሬ ቀን ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ ልዋሽልዎት?» አለቻቸው።

ለሞላ ይህ ከመስረቁም የባሰ ድፍረት ነበር። «እንግዲያው አባትሽ ቤት ሄደሽ ቅኔሽን ተቀኚ!» አላት። እንግዶቹ ያልበሉት ወጥ ረጋ። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ የምር እንባ ነበር፣ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ሞላ ወደ አባቷ ቤት ሊወስዳት ሲል ትርንጎ ማሰሮ ይዛ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። እጄን ያዘችና ክንዴን እስከ ክርኔ አጠበችኝ፤ ከዚያ በአዲሱ ቀሚሷ ጫፍ አገጬን ጠረገችልኝ። «በርበሬ በርበሬ ትያለሽ። አባባ እንዳያሸቱብሽ» አለችኝ። ታውቅ ነበር። መሶቡ ዘንድ ሆና አውቃ ነበር፤ ጣቷን ብትቀስርብኝ ኖሮ ክንዴ ላይ የደረቀው ወጥ ይመሰክርላት ነበር። እናቴ ያን ቀን ትዋረድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቆዳዬ እስኪላጥ እገረፍ ነበር። እሷ ግን አጥባኝ ሄደች። ሞላ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ መንገድ አድረው ወደ ዲማ። በሜዳው የገና ተጫዋቾች ሲጮሁ ይሰማል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ምን አሰብሁ? እንዴት ያለች ሞኝ ናት አልሁ።

ተመልሳ አልመጣችም። ሞላ ከዲማ ሲመለስ ስለ ደብረ ማርቆስም፣ ስለ አናጢነትም አፉን ከፍቶ አልተናገረም። በዓመቱ የሉማሜዋ ሴት መጣች፤ ከእናቴ ጋር እስከ መጨረሻው ሲነካከሱ ኖሩ። ትርንጎ ከዓመታት በኋላ ሌላ ባል አግብታ ልጆች መውለዷን ሰማሁ፤ ሌላ የማውቀው የለም፤ አልጠየቅሁምም።

እኔስ? እኔ ተጠቀምሁ። በዚያው ክረምት እናቴ እንስራ ስታሸክመኝ፣ «ለአባባ እነግራለሁ» አልኋት። ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። መስከረም ላይ ስንቄ ተቋጥሮ ደብረ ማርቆስ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት፣ ይህን ቤት የሠራሁት፣ ሰው «እትዬ መምህር» እያለ የሚነሣልኝ በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። ትርንጎ በፍቅር ልትሰጠኝ የነበረውን እኔ እናቴን አስፈራርቼ ወሰድሁት። ተማሪዎቼን ስለ ሐቀኝነት ስገሥጽ ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ዘንድሮ ገናን ሞላ እኔ ዘንድ ዋለ። ሰባዎቹን አጋምሷል፤ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ጉልበቱ ከድቶታል። ያን አሥራ ሰባት ቁራጭ ዶሮ ሲያይ ሳቁ መጣና ለልጄ ያችን ታሪክ አወራላት። የአማቷን ብልት ሰርቃ፣ ጾሙ ሳይፈታ ስለበላችው ሙሽራ። ጥፊውን ዘለለው። ልጄ ግን አልሳቀችም። «እና እውነት በልታው ነበር፣ አጎቴ? ማን አያት?» አለችው።

ሞላ ወደ እኔ ዞረ። አባትና እናታችን አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዓይኑ ሞራ ለብሷል፤ እጁ ጉርሻውን ይዞ አየር ላይ ቀርቷል። ሽማግሌው መልሴን እንደ ቀልድ አለመጠበቁን ያን ጊዜ አወቅሁ። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሊጠይቀኝ ፈርቶ፣ በየበዓሉ በሳቅ ጠቅልሎ ሲያቀርብልኝ የኖረ መሰለኝ። እውነቱን ብነግረው ያን ጥፊ ምን ያደርገዋል? ያን ዕድሜስ? ለእሱ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። ነገር ግን ልጄ ፊቴን እያየች ነበር፤ የፈራሁት እሷን ነው።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ቢያንስ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ዘንድሮ ግን ልጄን ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ «አዎ፣ በልታዋለች። በዓይኔ ነው ያየኋት» አልሁ።